የአየር ማጣሪያ በመልኩ አይሸጥ

ከመኪና መለዋወጫ ዕቃዎች መካከል የአየር ማጣሪያን ያህል ዋጋው ትንሽ፣ በእርሱ ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት ግን ትልቅ የሆነ ዕቃ ጥቂት ነው። በጋራዥ «ፊልትሮ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ዕቃ ከወረቀትና ከጎማ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ለብዙ ገዢ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለዋል፤ ሻጩም ቅርጹ ከአሮጌው ጋር ከተመሳሰለለት «ልኩ ይኸው ነው» ብሎ ይሰጠዋል። ይህ ልማድ ሊቀር የሚገባው ነው።

አንድ ሊትር ናፍጣ በሞተር ውስጥ በሙሉ እንዲቃጠል፣ በባሕር ጠረፍ ቢያንስ 10,000 ሊትር ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ በሚሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ይኸው መጠን ወደ 13,000 ሊትር ይደርሳል። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ወደ ደጋው የሚወጣ መኪና ምን ያህል አየር እንደሚስብ ከዚህ መገመት ይቻላል። የመንገድ አቧራ ደግሞ ኳርትዝ የሚባለውን ጠንካራ የደንጊያ ብናኝ የያዘ በመሆኑ፣ ወደ ሲሊንደር የገባ እንደ ሆነ እንደ ሞረድ ብረቱን ይፍቃል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ያጨሳል።

የዕቃው ታሪክ ራሱ ከንግድ ሰው ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ፍራንክ ዶናልድሰን የተባለ አሜሪካዊ የትራክተር ሻጭ፣ የአንድ ገበሬ ትራክተር ሞተር በአቧራ መበላቱን ባየ ጊዜ የአየር ማጣሪያ አበጀለት። የሻጭ ሥራ ገንዘብ ተቀብሎ ደንበኛን በመሸኘት የሚያበቃ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

እንግዲህ ማጣሪያ በምን ይመረጥ? መጀመሪያ በቁጥር ነው። የሞተሩ ዓይነትና ፋብሪካው የሰጠው የመለዋወጫ ቁጥር መታወቅ አለበት፤ የውስጥና የውጭ ስፋቱ፣ ቁመቱና የጎማው አቀማመጥ ከቤቱ ጋር በትክክል ካልገጠመ አቧራው በወረቀቱ ውስጥ ሳይሆን በዳሩ ሾልኮ ያልፋል።

ሁለተኛው በምርመራ ወረቀት ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 5011 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ማጣሪያው ምን ያህል አቧራ እንደሚያስቀር፣ ምን ያህል እንደሚይዝና አየሩን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበትን መንገድ ይወስናል። አንዱ ማጣሪያ ከመቶ 99፣ ሌላው 99.9 ያስቀራል ቢባል ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 1,000 ግራም አቧራ ሲመጣ የመጀመሪያው 10 ግራም፣ ሁለተኛው 1 ግራም ያሳልፋል። ሞተርን የሚጎዳው የተያዘው ሳይሆን ያለፈው ስለ ሆነ፣ ልዩነቱ ዐሥር እጥፍ ነው።

«ደንበኛችን አቅም የለውም፤ የሚፈልገው ርካሹን ነው» የሚሉ ባለሱቆች አሉ። አባባላቸው ሐሰት አይደለም። ሆኖም ርካሹን መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ ርካሹን ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ መሸጥ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም በመደርደሪያው ላይ ይኑሩ፤ ገዢው ግን ልዩነቱን ከነምክንያቱ ሰምቶ ይምረጥ። ደግሞም ጥቂት አቧራ የያዘ ማጣሪያ ከአዲሱ ይበልጥ አጥሪ መሆኑን፣ በኃይለኛ የአየር ግፊት ማራገፍ ወረቀቱን እንደሚቀድ፣ በትላልቅ መኪናዎች ያለው የውስጠኛው ማጣሪያም ተራግፎ የማይመለስ መሆኑን ሊነግሩት ይገባል። የመኪናው የአየር መጠቆሚያ ገና ካላመለከተ «ዛሬ አትግዛ» የሚል ባለሱቅ የዕለቱን ሽያጭ ቢያጣ እንኳ ደንበኛውን አያጣም።

ስለዚህ አስመጪዎች ዕቃ ሲያዙ ከዋጋው ዝርዝር ጋር የምርመራውን ወረቀት እንዲጠይቁ፣ ባለሱቆችም የመለዋወጫውን ቁጥር በደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ እናሳስባለን። ቁጥሩ ከተጻፈ ጥፋት በደረሰ ጊዜ ተጠያቂው ይታወቃል፤ ታማኙ ነጋዴም ከአጭበርባሪው ይለያል።