ኳስን መላልሶ ስለሚመልስ ተጫዋች

የቴኒስ ጨዋታ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች በመካከላቸው መረብ ተዘርግቶ ወዲህና ወዲያ ይቆማሉ፤ በእጃቸው በያዙት ራኬትም አንዲት ትንሽ ኳስ ይመታሉ። ኳሷን ከመረቡ በላይ አሳልፎ በመስመሩ ውስጥ ማሳረፍ የተሳነው ሰው ነጥቡን ያጣል። እንግዲህ ነጥብ የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ባላጋራ ሊደርስበት የማይችለውን ምት መምታት ነው፤ ሁለተኛውም ባላጋራው ራሱ እስኪስት ድረስ የመጣውን ሁሉ መመለስ ነው።

በመጀመሪያው መንገድ የሚሄደውን ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። በሁለተኛው የሚሄደውን ግን ብዙዎች ይነቅፉታል። «እርሱ ምን አደረገ? ባላጋራው ስለ ሳተ ነው እንጂ እርሱ መች አሸነፈ» ይላሉ። ይህ ነቀፋ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ጐደሎ ሆኖ ይገኛል።

ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ከንጋት ጀምሮ በማማ ላይ ወጥቶ፥ ወንጭፉን ይዞ፥ ወፍ ሲያባርር ይውላል። ዘሩን የዘራው እርሱ አይደለም፤ መሬቱንም ያረሰው እርሱ አይደለም። ነገር ግን ጐተራው በሞላ ጊዜ «ወፎቹ ስለ ተዉልን ነው» የሚል ገበሬ ከቶ አይገኝም።

በፓሪስ ከተማ ሮላን ጋሮስ የሚባል የታወቀ የቴኒስ ሜዳ አለ። ምድሩ በተፈጨ ቀይ ጡብ የተሸፈነ ስለ ሆነ ኳሷ ስታርፍበት ፍጥነቷ ይቀንሳል፤ ወደ ላይም ከፍ ብላ ትነጥራለች። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ኀይለኛ መቺ ይቸገራል፤ ሯጭና ታጋሽ ሰው ግን ይጠቀማል። በ1989 ዓ.ም. (የዓመቱ ቍጥር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በዚያ ውድድር ማይክል ቻንግ የሚባል የ17 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ከኢቫን ሌንድል ጋር ተጋጠመ። ሌንድል በዚያን ጊዜ በዓለም ካሉት ተጫዋቾች ሁሉ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘ ሰው ነበረ፤ በዚያም ሜዳ ሦስት ጊዜ አሸንፎ ዋንጫ ወስዶ ነበር። ቻንግ ቁመቱ አጭር ነበረ፤ ምቱም እንደ ሌንድል ብርቱ አልነበረም።

ሌንድል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች 6 ለ 4፥ 6 ለ 4 አሸነፈ። አንድ ዙር ቢጨመርለት ነገሩ ያልቅ ነበር። ልጁ ግን ሦስተኛውን ዙር ወሰደ፤ አራተኛውንም ደገመ። ከዚህ በኋላ የእግሩ ጡንቻ በድካም ብዛት ይኰማተርበት ጀመር። በየዕረፍቱ ውኃ ይጠጣል፥ ሙዝም ይበላል፤ ሕመሙ ግን አልተወውም። ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፥ በአምስተኛው ዙር ጨዋታውን ሊተው አስቦ ወደ ዳኛው መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰ።

መሮጥ ባልቻለ ጊዜ ኳሷን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ይልካት ጀመር፤ እስክትወርድም ድረስ ለእግሩ ጥቂት ዕረፍት ያገኝ ነበር። አንድ ጊዜም ኳሷን ከራሱ በላይ ወርውሮ በመምታት ፋንታ፥ ሕፃን እንደሚጫወት ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርጎ መታት። ሌንድል ይህን አልጠበቀም ነበር፤ ያንንም ነጥብ ቻንግ አገኘ። በመጨረሻ ሌንድል ኳሷን የሚያስጀምርበት ተራ ደረሰ። የሚያስጀምር ሰው ሁለት ጊዜ ይሞክር ዘንድ ተፈቅዶለታል፤ ሁለቱንም ከሳተ ነጥቡ ለባላጋራው ይሆናል። ሌንድል የመጀመሪያውን ሳተ። በዚያን ጊዜ ቻንግ ከወትሮው ስፍራው ብዙ ርምጃ ወደ ፊት ቀርቦ ቆመ። ሌንድል ሁለተኛውንም ሳተ። ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ የቈየው ጨዋታም በዚህ አለቀ።

እንግዲህ ነቃፊው «እነሆ፥ የመጨረሻውን ነጥብ ሌንድል በስሕተቱ ሰጠው እንጂ ቻንግ ኳሷን አልነካትም» ሊል ይችላል። አዎን፥ አልነካትም። ነገር ግን ሌንድል ከዚያ በፊት በሺህ በሚቈጠሩ ሰዎች ፊት በብዙ ታላላቅ ግጥሚያ ተጫውቶ ነበር፤ ኳስ ማስጀመርም ያውቅ ነበር። እጁን ያናወጠው፥ አልቋል ያለው ኳስ ሁሉ ተመልሶ ሲመጣበት መዋሉ ነው። በሁለተኛው ምት ፊቱ ቀርቦ የቆመው ልጅም ዝም ብሎ አልቆመም።

በቴኒስ ውድድር ስሕተትን የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ። ስሕተቱንም በሁለት ይከፍሉታል፤ ባላጋራ አስገድዶ ያመጣው አንድ፥ ሳይገደድ የተሠራ አንድ። ይህን የሚለየው የቈጣሪው ፍርድ ነው፤ ቈጣሪውም የሚያየው የመጨረሻውን ምት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ሮጦ፥ በሃያ አንደኛው ቀላል ኳስ ሲስት «ሳይገደድ ሳተ» ተብሎ ይጻፍበታል። ሃያው ሩጫ የት ገባ? ደግሞም ኳሱ ሁሉ እንደሚመለስበት ያወቀ ሰው በሜዳው መካከል መምታት አይበቃውም፤ ወደ መስመሩ ጫፍ ይጠጋል። ወደ ጫፍ የሚጠጋም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ይህን ሁሉ ያደረገው ያ መላሽ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ስሙ አይገኝም።

እርግጥ ነው፥ ነቃፊዎቹ በሁሉ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። መመለስ ብቻ የሚያውቅ ሰው፥ መቺው ደኅና በዋለበት ቀን የሚያደርገው ያጣል። የዴንማርክ ተወላጅ ካሮላይን ዎዝኒያኪ በዚህ ዐይነት ጨዋታ የ2010ንና የ2011ን ዓመት በዓለም አንደኛ ሆና ጨርሳ ሳለ፥ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን እስከ 2018 ዓ.ም. ድረስ አላሸነፈችም ነበር። በዚያ ዓመት በአውስትራሊያ ሲሞና ሃሌፕን ድል አድርጋ ዋንጫውን ወሰደች። ሃሌፕም ራስዋ ሯጭና መላሽ ነበረች፤ ታዲያ በዚያ ቀን የማን ጕድለት ለማን ጠቀመ ይባላል?

በባላጋራ ስሕተት የተገኘና ያለ አግባብ የተገኘ ነጥብ አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ማትስ ዊላንደር የሚባል ስዊድናዊ በዚያው በሮላን ጋሮስ በ1982 ዓ.ም. አሳይቷል። እርሱም ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ጨዋታውም መመለስና መታገሥ ነበረ። ከአርጀንቲናዊው ከሆሴ ሉዊስ ክለርክ ጋር ተጫውቶ አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀረው ክለርክ የመታት ኳስ ከመስመሩ ውጭ ናት ተብሎ ተፈረደ፤ ድሉም ለዊላንደር ሆነ። ዊላንደር ግን ኳሷ ውስጥ እንደ ነበረች አይቶ ስለ ነበረ ነጥቡ እንዲደገም ዳኛውን ለመነ። በዚያው ቀን በክለርክ ስሕተት ያገኛቸውን ሌሎች ነጥቦች ግን ይደገሙ አላለም። ዳኛው ልመናውን ተቀበለ፤ የተደገመውንም ነጥብ ዊላንደር አሸነፈ። በፍጻሜውም ጊየርሞ ቪላስን ድል አድርጎ ዋንጫውን ወሰደ።