ሲሞቅ የሚጠጥር ፕላስቲክ

የውኃ ሃይላንድ የሚሠራበት ፒኢቲ ቀልጦ በፍጥነት ከቀዘቀዘ፣ ሞለኪውሎቹ ለመደርደር ጊዜ ስለማያገኙ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ይቀራል። መልሰው ሲያሞቁት በ75 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል። ወደ 130 ሲጠጋ ግን ሰንሰለት መሰሎቹ ሞለኪውሎች መንቀሳቀሻ አግኝተው በክሪስታል መልክ ይሰለፋሉ፤ ይጠጥራል፣ ወተት መስሎም ይነጣል። ትኩስ መጠጥ የሚሞላባቸው አንዳንድ ጠርሙሶች አንገታቸው የነጣው ሆን ተብሎ በዚሁ መንገድ እንዲጠጥር ስለተደረገ ነው። ፒኢቲ የሚቀልጠው 250 አካባቢ ነው።

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ የዚህ የመሰለፍ ሂደት ፍጥነት እንዴት እንደሚለካ ያሳያል። ጥቂት ሚሊግራም ናሙና በትንሽ የአሉሚኒየም ሳህን ተደርጎ ከባዶ ሳህን ጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱም ለምሳሌ በደቂቃ 10 ዲግሪ ይሞቃሉ። ክሪስታሉ ሲፈጠር የሚወጣው ሙቀት ግራፉ ላይ ጉብታ ይሠራል። ማሞቂያው ከፈጠነ ጉብታው ወደ ላይኛው ሙቀት ይሸሻል፤ የፍጥነቱ ስሌት የሚነሣውም ከዚህ ሽሽት ነው።

ሜልቪን አቭራሚ እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1941 ያሳተመው፣ ለዚሁ ስሌት የሚያገለግለው ዝነኛ ቀመር በተለመደው መልኩ ሙቀቱ ለማይለዋወጥ ልኬት ነው። እያሞቁ ለሚለኩት እንዳለ መገልበጡ ግን ልማድ ሆኗል። ቁጥር ይወጣል፤ ትርጉም ይኑረው አይኑረው ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ሙግት ያላችሁ ጻፉልን፤ ለቀጣዩ እትም ገጽ ይዘንላችኋል።