እንሶስላን ከወንዝ ዳር ወደ ጓሯችን



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የሚለጠፈው ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ መዋጮ ነው። አስፈላጊ በመሆኑ አልቃወምም። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ አበባ አስተያየት አለኝ። «ይህ ሁሉ ችግር እያለ ደግሞ አበባ?» የሚል ካለ፣ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

አበባው እንሶስላ ነው። እናቶቻችን ለበዓልና ለሠርግ ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን የሚሞቁት።

ለልጄ የጥር ሠርግ ብዬ በጥቅምት ወር በልጅነቴ ወደማውቀው ወንዝ ዳር ወረድኩ። ድሮ በዚያ ወራት ሰው የሚያህል እንሶስላ፣ ነጭ አበባው መሐሉ ሐምራዊ ሆኖ፣ ዳር ዳሩን ይታይ ነበር። አሁን ያገኘሁት ጉድጓድ ብቻ ነው። ሥሩ ከነእናቱ ተነቅሎ ሄዷል። እኛም በልጅነታችን የምንነቅለው እንዲሁ ነበርና ማንን እወቅሳለሁ?

ታዲያ ልጆቹ «ጥቁር ሂና» የሚሉትን ከሱቅ ገዝተው ተቀቡ። በሦስተኛው ቀን የአንዷ እጅ አብጦ ውኃ ቋጠረ። ንጹሕ ሂና የቅጠል ዱቄት ነው፤ ያቀላል እንጂ እንደ ከሰል አያጠቁርም። ጥቁር የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨመርበት የጸጉር ቀለም ኬሚካል ነው፤ እሱ ደግሞ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ክፉኛ ይጎዳል።

ኧረ ለምን? ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ዝናብ የጠገበች ከተማ ናት። እንሶስላ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። እንግሊዝ አገር ያሉ አትክልተኞች ለአበባው ውበት ብለው ይተክሉታል። እኛ ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሆኖብናል።

አተካከሉ ከባድ አይደለም። ዝናብ ሊገባ ሲል ቡቃያ ያለበትን ሥር ስንዝር በሚያህል ጥልቀት፣ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር መቅበር ነው። ቦታው ጥላ ያለው፣ እርጥበት የማይለየው፣ ነገር ግን ውኃ የማይተኛበት ይሁን። የቧንቧ አጠገብ ጥሩ ነው፤ የሳሙና እጣቢ ግን አይደፋበት። በበጋ ግንዱ ሲደርቅ «ሞተ» ብላችሁ እንዳትነቅሉት! ሥሩ ከመሬት በታች ተኝቶ ክረምትን ይጠብቃል። በላዩ የቡና ገለባ ብታለብሱት እርጥበቱን ይይዝለታል። በመጀመሪያው ዓመት አይነካ። ከዚያ በኋላ ከጎን ከጎኑ ቆርጦ መውሰድና እናቲቱን መልሶ መቅበር ነው።

«ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ሲሚንቶ ነው» ለምትሉ፣ ታቹ የተበሳ አሮጌ በርሜልም ይበቃዋል።

አንዲት አዴ ጎረቤቴ ከጓሯቸው አንድ ሥር ሰጥተውኝ ዘንድሮ አበበልኝ። ስለዚህ ማሳሰብ የምፈልገው ይህን ነው፦ እንሶስላ ያለው ሰው ዝናብ ሲገባ አንድ አንድ ሥር ለጎረቤቱ ይስጥ። ወንዝ ዳር የቀረ ካለም አይነቀል። የመጪዎቹ ሙሽሮች እጅ ከየጓሯችን በበቀለ እንሶስላ ይቅላ።

ከሠፈሩ ነዋሪዎች አንዱ