ዋስ የሌለው ረዳትና የመጋዘን ቁልፍ

በአገራችን የንግድ ቤቶች ገንዘብ ያዥ ወይም የመጋዘን ጠባቂ ሲቀጠር አስቀድሞ ዋስ ይጠየቃል። ይህም ሰውየው በሌብነት ስለ ተጠረጠረ አይደለም፤ ጥፋት በደረሰ ጊዜ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው እንጂ። ዛሬ ግን ይህ የቆየ ጥንቃቄ በአንድ አዲስ ሠራተኛ ላይ ሲዘነጋ ይታያል፤ እርሱም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ረዳት ነው።

የአስመጪውም ሆነ የላኪው የዕቃ መዝገብ፥ የደንበኞች ዕዳ፥ የጉምሩክና የባንክ ወረቀት ከወፍራም ደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ የኮምፒዩተሩ መቆም ከሱቁ መዘጋት የሚተናነስ አልሆነም። ስለዚህ ሰርቨርና ኔትወርክ የሚጠብቁ ባለሙያዎች ብልሽት ለመፈለግ ረዳቱን ቢጠሩት የሚነቀፉ አይደሉም። ሰርቨር የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ብልሽት በደረሰበት ሌሊት ጥፋቱን የምታመለክተውን አንዲት መስመር ለማግኘት 10,000 መስመር ማንበብ ያስፈልግ ይሆናል። ረዳቱ ይህን በጥቂት ደቂቃ አንብቦ ዲስኩ ሞልቷል፥ ወይም የደኅንነት ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ያመለክታል። ይህን ጥቅም የሚክድ ሰው በቆመ ሰርቨር አጠገብ ሌሊቱን አንግቶ አያውቅም።

ችግሩ የሚጀምረው ረዳቱ ከማመልከት አልፎ እንዲሠራ በተፈቀደለት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ሬፕሊት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያቀርበው ረዳት የአንድ ደንበኛውን በሥራ ላይ ያለ የመረጃ ቋት ደመሰሰ። በውስጡ ከ1,200 በላይ የድርጅት ኃላፊዎች ዝርዝር ነበረበት፤ ደንበኛውም ምንም ለውጥ እንዳይደረግ አስቀድሞ አዝዞ ነበር። ይልቁንም የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ረዳቱ የጠፋውን መመለስ አይቻልም ብሎ ተናገረ፤ ደንበኛው ግን ራሱ ቢሞክረው ተመለሰለት። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በይፋ ይቅርታ ጠይቀው፥ የሙከራውና የሥራው መረጃ ተለይቶ እንዲቀመጥ አደረጉ።

ረዳቱ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ለጥያቄው የሚስማማ የሚመስለውን መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ የሚመስለውንና የሆነውንም በአንድ ዓይነት ድፍረት ይናገራል። በንግድ ቤት ያገለገለ ሁሉ፥ አላውቅም የሚል ጸሐፊ ሳያውቅ ከሚመልስ ጸሐፊ እንደሚሻል አይስተውም።

ሰውስ አይሳሳትምን? የሚሉ አሉ። ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የተቋረጡት በተለመደ የጥገና ሥራ ጊዜ በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነው፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዲያግድ የተሠራው ፕሮግራምም ራሱ ጉድለት ነበረበትና አላገደውም። ታዲያ ብዙ መሐንዲሶችና አጋጅ ፕሮግራም ባሉበት ቤት ይህ ከደረሰ፥ ማንም አጋጅ በሌለበት በአንድ ነጋዴ ቤት ረዳቱ ያለ ሰው ፈቃድ እንዲያዝ መተው ምን ይባላል?

ረዳቱ መዝገቡን ያንብብ፤ የመሰረዝና የመለወጥ ቁልፍ ግን በስሙ በሚታወቅ ሰው እጅ ይቆይ። ሒሳብ ጸሐፊውን ከገንዘብ ያዡ የሚለየው ሥርዓት ለዚህም ይሠራል። ደግሞም ለረዳቱ የሚቀርበው መዝገብ የደንበኞች ስልክ ቁጥር፥ አንዳንዴም የይለፍ ቃል ሊገኝበት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ባሕር ማዶ ወዳለ ኩባንያ ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ረዳቱ አለ እየተባለ ባለሙያውን ለማሰናበት የሚታየው ችኮላ ነው። ከቁም ሣጥኑ በስተጀርባ የትኛው ሽቦ ከየት እንደ ተያያዘ፥ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የትኛው ሰርቨር ቀድሞ መነሣት እንዳለበት የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ይህም በየትም አልተጻፈምና ረዳቱ ሊያነበው አይችልም።

የጥገና ውላቸውን የሚያድሱ ነጋዴዎች፥ ረዳቱ ባደረሰው ጥፋት ኪሣራውን ማን እንደሚከፍል በውሉ ውስጥ ያስጽፉ። መጠባበቂያ ቅጂውም በወር አንድ ቀን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ፥ የትናንቱ ሽያጭ በእውነት መኖሩን በዓይናቸው ይዩ።