ወርቁ በግራም ይመዘናል፣ ጣቱን ማን ይቁጠረው?

መንግሥት ስለ ማዕድን ሲያወራ አፉን ሞልቶ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ ብሎናል። ይሁን፣ ይገኝ! ለመሆኑ በዚያው ዓመት በማዕድን ሥፍራ ማሽን ሲጠግን ጣቱን ያጣው ሠራተኛ ስንት ነው? ይህንንስ በዚያው ድምፅ የሚነግረን ማነው?

የማዕድን አደጋ ሲባል ሰው የሚያስበው የተናደ ጉድጓድ ነው። የጥገናው ጣጣ ድምፅ የለውም። የድንጋይ መፍጫው ጥርስ ሲያልቅ፣ የሎደሩ አካፋ ሲላላ ሥራው የሚሠራው በመዶሻና በመፍቻ ነው። ብሎኑ በዝገት ተጣብቋል። በቁጥሩ የሚገጥም መፍቻ ስቶር ውስጥ የለም። ስለዚህ አፉ የተበላው ይመጣል፣ ጉልበት እንዲጨምር ጫፉ ላይ ቱቦ ይሰካበታል። ሁለት ሰው ተንጠላጥሎ ሲጎትት መፍቻው ድንገት ያመልጥና እጅ ከብረት ጋር ይላተማል።

የባሰው ደግሞ በመዶሻ እየተመታ የሚፈታው ነው። አንዱ መፍቻውን በእጁ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው በትልቁ መዶሻ ይነርተዋል። አንድ ጊዜ ከሳተ አለቀ! መፍቻውን በገመድ ወይም በረጅም እጀታ ከሩቅ መያዝ ይቻላል እኮ። ዋጋው የሎደር ጎማ ጋር ሊወዳደር? መሮውም ያው ነው። ራሱ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ሲደፋ ስባሪው ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል፤ ግራይንደር ላይ ትንሽ ቢሞረድ በቀረ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጎሽ! ሠራተኛው ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት ግን አሠሪው አይጠየቅም፤ ግልጽ የደኅንነት መመሪያን አለማክበርም ከዚሁ ይቆጠራል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህች ቀዳዳ ላይ ነው። «በተበላ መፍቻ መሥራት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ፎርማኑ ደግሞ «ማሽኑ ቆሟል፣ ቶሎ በሉ!» እያለ ይጮሃል። እንግዲህ መመሪያ የጣሰው ማነው? ሰውየው አልሠራም ቢል እንጀራው፣ ቢሠራ ጣቱ! የኮንትራት ሠራተኛ ከሆነማ ቁስሉ ሳይደርቅ ኮንትራቱ ያልቅበታል።

ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሙያ ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ኢሕአዴግ ወረሰው፣ ብልጽግናም ወረሰው። መፍቻው ግን ያው የተበላው ነው።

የሥራ ተቆጣጣሪ ተብዬው ቢሮ ገብቶ ሻይ ጠጥቶ፣ ፋይል አገላብጦ ከሚመለስ ስቶር ይግባ። የመፍቻውን አፍ በራሱ ጣት ይዳስስ። የክሊኒኩን መዝገብ ከጥገናው መዝገብ ጋር ያስተያይ። የማዕድን ፈቃድ ሲታደስም ጥያቄው ስለ ቶን ብቻ አይሁን፤ የጉዳት መዝገብም ይቅረብ። መዝገብ የለኝም የሚል ኩባንያ ካለ፣ እስኪያቀርብ ፈቃዱ ይቆየው።