«ጋሼ፣ ይህ ፍየል ነው?»

ባለፈው ሳምንት ከገርጂ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በታክሲ ስጓዝ፣ ከአሮጌ ኮቴ ኪስ አንዲት ቢጫ አስር ሳንቲም ከብሮቹ ጋር ተቀላቅላ ወጣች። ረዳቱ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። ሳንቲሟን አገላብጦ ካያት በኋላ «ጋሼ፣ ይህ ፍየል ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከወረድሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ፍየል አይደለም! የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር ዱር አይገኝም፤ ዋነኛ መኖሪያው የባሌ ተራሮች ነው። የሳይንሱ ዓለም ስም ያወጣለት እጅግ ዘግይቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ሲሆን፣ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል። የከተማችን ሰው ግን «ኒያላ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ሲጋራው ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ከሳንቲሞቻችን ተነሥቶ 1969 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸው አዳዲሶቹ ሲወጡ፣ የሁሉንም ፊት የአንበሳ ራስ ያዘው። ዘውዳዊው ሥርዓት ወደቀ፤ አንበሳው ግን ዘውዱን ብቻ አውልቆ በሥልጣኑ ቀጠለ። ከጀርባ ለአንድ ሳንቲም በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ ለአምስቱ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ ለአስሩ የደጋ አጋዘን ደረሰ። የእኛ ብቻ የሆነው የዱር እንስሳ ዕድል ፈንታው ያቺ አንዲት ሽርፍራፊ ነበረች። አስር ሳንቲም የሚገዛው ነገር ሲያጣ እርሱም አብሮ ከእጃችን ወጣ። በ2002 ዓ.ም. የአንድ ብር ሳንቲም ሲቀረጽስ? አሁንም አንበሳ፤ ከጀርባው ሚዛን። ስለ አጋዘኑ ያነሣ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከአንበሳ ጋር ጠብ የለኝም። ነገር ግን አንበሳ በዱሩ በማይኖርባቸው የአውሮፓ አገሮች ሳይቀር የነገሥታት አርማ ነው። የሥልጣን ምልክት እንጂ የአገር ተፈጥሮ ምስክር አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ሕገ መንግሥቷ የግለሰብ ምስል በገንዘብ ላይ እንዳይወጣ ስለከለከለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የመሪዎቿን ፊት አንሥታ ቀጭኔን፣ አውራሪስን፣ አንበሳንና ዝሆንን በአንድ፣ በአምስት፣ በአስርና በሃያ ሽልንግ ሳንቲሞቿ ላይ አሳረፈች። ልብ በሉ፤ እዚያ አንበሳው ከአራቱ አንዱ ነው።

«በዚህ የኑሮ ውድነት የሳንቲም ሥዕል ያሳስብሃልን?» የሚሉኝ አይጠፉም። በቴሌብር የሚከፈልበት ዘመን ነው የሚሉም አሉ፤ የቦሌ ካፌዎች እውነትም ሳንቲም ካዩ ሰንብተዋል። ይሁንና ታክሲው፣ ጉልቱና የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ዛሬም በጥሬ ገንዘብ ይሠራሉ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ አጨብጭበናል። የዚያን ፓርክ ነዋሪ ከፍየል መለየት ያቃተው ወጣት ግን ጥፋተኛ አይደለም፤ ያሳየው አልነበረምና።

የአምስት ብር ኖት በ2013 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ሳይነካ ቀርቷል። ወደ ሳንቲም እንዲዞር የሚወሰንበት ቀን ከመጣ፣ የብሔራዊ ባንክ ሹማምንት ፊቱን ለአንበሳው ይተዉለት፤ ጀርባውን ግን ለአጋዘኑ ይመልሱለት። ስሙንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ከሥሩ ይጻፉበት።