ጌም ቤት በካርቶን ላይ

ልጆቼን ከስልክ ለማላቀቅ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ተቆጥቻለሁ፣ የይለፍ ቁጥር ቀይሬያለሁ፣ ቻርጀር ደብቄያለሁ። (የደበቅኩበት ጠፍቶኝ የራሴም ስልክ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር።) ለገና ከባሕር ዳር ወረታ፣ አባቴ ቤት ስንሄድ ግን መብራት ጠፋና አገዘኝ። በማግስቱ ስልኮቻችን ሁሉ ሞቱ። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ሴቷ ልጄና ስምንት ዓመቱ ወንድሟ መጥተው ፊቴ ቆሙ።

የዘይት ካርቶን ቀደድኩና ልጅ ሳለሁ የምሄድበትን ጌም ቤት ሣልኩላቸው። ወደ ደብረ ታቦር በሚታጠፈው መንገድ በኩል የነበረች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። መስኮቷ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ውስጧ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን አለ። አንድ ጨዋታ አንድ ብር። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ ገንዘብ የሌለው ግድግዳ ተደግፎ ያያል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የግድግዳው ወገን ነበርኩ።

ጨዋታው ሠላሳ ቤት አለው። መነሻው የአባቴ ግቢ፣ መድረሻው የዋንጫ ፍጻሜ ነው። “ስሙኒ አገኘህ፣ ሁለት ቤት ሂድ።” “መብራት ጠፋ፣ አንድ ተራ እለፍ።” “ትልልቆቹ ተራህን ቀሙህ፣ ሦስት ቤት ተመለስ።” “ባለቤቱ ሰዓት ረሳ፣ ደግመህ ጣል።” ተጫዋቾቹ ቆርኪዎች ናቸው። ዳይስ ስላልነበረን የአራት በቆሎ ፍሬ አንድ አንድ ጎን ከሰል ቀባን፤ ስንጥላቸው ጥቁር ጎናቸውን ያሳዩትን ያህል ቤት እንሄዳለን። ሁሉም ነጭ ከሆነ ባለህበት መቅረት ነው።

በነገራችን ላይ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፓክ ማን የተባለው የጃፓኖች የቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. በ1980 ወጥቶ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በሰሌዳ ላይ የሚጫወቱት አድርጎ ሸጦታል። የፕላስቲኩ ፓክ ማን የሚውጠው ብይ ነበር። ብይ እንኳ እኛም ነበረን።

ልጆቹ ወደዱት። “አባዬ፣ ያኔ እንዴት ደስ ይል ነበር! የሚቆጣህ ሰው አልነበረም?” አለች ልጄ።

“ማንም” አልኩ።

“ማንም?” አሉ አባቴ ከእሳቱ ዳር። ተነሥተው መጡና አንድ ቆርኪ ያዙ። ልጄ እያነበበችላቸው ጥቂት ሄዱ። “መብራት ጠፋ” ላይ ሲደርሱ “ይኸማ እውነቱን ነው” ብለው አሳቁን። ከዚያ ካርቶኑን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

“ወፉ የት አለ?”

ዝም አልኩ። አያቶች ነገሩ ይገባችኋል፤ ለልጆች መነገር አለበት። ሩዝ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ነው። ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ እህል አበቀለ። ጥቅምት ላይ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ግን ወፍ ይወርድበታል፤ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ መጠበቅ አለበት። የዚያን ዓመት ከትምህርት ቤት መልስ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። አባቴ ታመው ተኝተዋል። እኔ ማማውን ትቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ጌም ቤት ዋልኩ። ፍሬ የያዘ ሩዝ ያጎነብሳል፤ የኛ በአንድ ወገኑ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አባቴ አልመቱኝም። የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ጊደር ሸጡ። ጊደሯ የእናቴ ነበረች፤ ስትወልድ ወተቷን አይታ፣ ቅቤዋን ሸጣ የምታደርገውን ሁሉ ስትቆጥር እሰማት ነበር። ገዢው ሲነዳት እናቴ ከቤት አልወጣችም።

“እማማን ይቅርታ ጠየቅሃቸው?” አለች ልጄ።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። “አልጠየቅኩም” አልኳት።

ቆይታ እርሳሱን አነሣችና በሃያ ሰባተኛው ቤት ላይ ጻፈች፦ “ሩዙን ወፍ በላው፣ ጊደር ተሸጠች፣ ወደ መነሻ ተመለስ።”

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። “መመለስማ ቀላል ነው። ማማ ሥሪለትና ይጠብቅ። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪተካው አይወርድም።”

ከካርቶኑ ጥግ ማማ ሠራች። መጀመሪያ የወጣበት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባቴ። ቆርኪያቸውን አስቀምጠው “ኡሽ! ኡሽ!” እያሉ እጃቸውን ሲያወናጭፉ ትንሹ በሣቅ ተንከባለለ። እኔ እንጨት ላመጣ ብዬ ወጣሁ፤ እንጨቱ ግን በቂ ነበር።

ማታ መብራት መጣ። ስልኩን ሰክቼ “በሉ፣ ጠፍቶባችሁ የነበረው መጣላችሁ” አልኳቸው።

“ቆይ አባዬ” አለኝ ትንሹ፣ የበቆሎ ፍሬዎቹን በመዳፉ እያንኳኳ፤ “አባባ ገና ማማው ላይ ናቸው።”